የጊታር ሠሪው መለያ ወረቀት ከመለጠፉ በፊት በካርቶን ይሞከር

በእጅ ለሚሠራ አኮስቲክ ጊታር የተዘጋጀ የሠሪው መለያ ወረቀት በኮምፒውተር ላይ አምሮ ቢታይም፣ በጊታሩ ሣጥን (ባዶ አካሉ) ውስጥ ከተለጠፈ በኋላ ግን ጽሑፉ በክሮቹና በድምፅ ቀዳዳው ጠርዝ እየተከለለ ለማንበብ ሊያስቸግር ይችላል። ይህን ለማስቀረት ንድፉን በትክክለኛ መጠኑ አትመው ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት፤ ከዚያም ካርቶን ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ቆርጠው፣ ስድስት ክሮች በጊታሩ ክሮች ርቀት ልክ ወጥረውበት፣ ካርቶኑን በሣጥኑ ጥልቀት ልክ ከወረቀቱ በላይ ከፍ አድርገው በሰያፍ ይመልከቱት፤ ጊታር ገዢ መለያውን የሚያየው እንዲሁ አዘንብሎ ነውና። ቀጫጭን ፊደላትና ያጌጡ ጠርዞች በጥላው ውስጥ ወዲያውኑ ይጠፋሉ። ስሙ በአማርኛ ከተጻፈ ደግሞ አንድ ክር «ሰ»ን ከ«ሱ» የሚለየውን ትንሽ ቅጥያ ሊሸፍን ስለሚችል፣ ስሙን ጎላ አድርጎ መጻፍ ይበጃል (ጌጡ ቢቀር የሚጎዳ ነገር የለም)። ተራ ቁጥሩና ዓመተ ምሕረቱ በእጅ የሚሞሉበት ቦታም ይተውለት። ውኃ ባለው ሙጫ የሚለጥፉ ከሆነ፣ የብዙ ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም የሚረጩ) ማተሚያዎች ቀለም ስለሚፈስ፣ በሌዘር ማተሚያ ያሳትሙት። የድምፅ ቀዳዳቸው ክብ ላልሆነ ጊታሮች ግን ካርቶኑ በዚያው ጊታር ቀዳዳ ቅርጽ መቆረጥ አለበት።