ሰዓቷን ሳይሆን ሰሃኗን እዩ፦ ከአመጋገብ መዛባት ያገገመ ስፖርተኛ ሲመለስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሱሉልታ ነው፣ ጠዋት። ልምምድ አልቆ ልጆቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። በሶው ይዞራል፣ ዳቦው ይቆረሳል። አንዷ ግን ዳቦዋን ትቆራርሳለች እንጂ አትጎርስም። ግማሹን ለጎረቤቷ ሰጠች። በሶውን «ጠጥቻለሁ» ብላ አሳለፈች። ከሕክምና ከተመለሰች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር። እኛ አሰልጣኞቹ ያየነው የ1,000 ሜትር ሰዓቷን ብቻ ነው። «በቃ ድናለች» ተባባልን። እኔም ብያለሁ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሳትወድቅ ሳትመታ ቅልጥሟ ተሰነጠቀ።

«ኪሎዋ ተመልሷል፣ ትሩጥ»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ኪሎ ከአጥንትም ከአእምሮም ቀድሞ ይመለሳል። የሳሳ አጥንት ለመጠንከር ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ ምግብ ፊት የሚይዛት ፍርሃትም እንደዚያው። ፈጣን ሰዓትም ማስረጃ አይሆንም። አሜሪካዊቷ ሞሊ ሳይደል በ2016 የኦሎምፒክ ማጣሪያውን ትታ ሕክምና ገባች። በ2021 በቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ነሐስ ወሰደች፤ የእኛዋ ሮዛ ደረጀ አራተኛ የወጣችበት ውድድር ነው። ከሜዳሊያው በኋላ ግን ሕመሙ ተመልሶባት እንደነበር ራሷ ተናግራለች።

«የሯጭ ልብ ነው»

የሠለጠነ ሯጭ ልብ በዝግታ ይመታል፣ እውነት ነው። የተራበ ሰው ልብም ይዘገያል። በእጅ ዳብሰን ልንለያቸው አንችልም። የልብ ምርመራና የደም ምርመራ ያስፈልጋል፤ በተለይ ፖታሲየምና ፎስፌት የሚባሉት የደም ማዕድናት ይታዩ። ካዞራት፣ ራሷን ከሳተች ወይም ልቧ ከተዛባባት ልምምዱ እዚያው ይቁምና ሐኪም ይያት።

«የወር አበባ መቅረት የጠንካራ ልምምድ ምልክት ነው»

አይደለም። ሰውነት የሚገባለት ጉልበት ሲያንሰው መጀመሪያ ከሚቆጥብባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው፤ አጥንትም አብሮ ይጎዳል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2014 ለዚህ የጉልበት እጥረት «RED-S» የሚል ስም ሰጥቶታል፤ ወንዶችንም እንደሚይዝ አስረድቷል። በ2023 ደግሞ የአደጋውን ደረጃ በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ ከፍሎ የሚያሳይ መመዘኛ አወጣ። ወንድ ልጅ ሲከሳ «ፎርም ገባ» እያልን የምናልፈው ነገር ቢቀር ደስ ይለኛል።

«ወፈርሽ! ተስማምቶሻል»

እኛ አገር ይሄ ምርቃት ነው። እሷ ጆሮ ሲገባ ግን ያን ቀን ምሳ ያስቀራል። «ናፍቀሽን ነበር» በሏት። በቡድን ፊት ሚዛን ላይ ማቆምም ይቅር። መመዘን ካለባት ሐኪሟ ለብቻዋ ይመዝናት።

ስለ ጾሙ አለማንሳት

ይሄን የውጭ መመሪያዎች ላይ ብዙም አላየሁትም፤ እኛን ግን በቀጥታ ይነካናል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። «ጾም ላይ ነኝ» ያለችን ልጅ ማን ደፍሮ ይጠይቃል? ሕመሙ የሚደበቅበት ጥሩ ጥግ ያገኛል። ሃይማኖቷን አንንካ። ቤተ ክርስቲያን ግን የታመመን ሰው አታስገድድም። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትነጋገር እርዷት፤ ከፈለገች ቤተሰብ አብሯት ይሂድ። ብዙ ጊዜ «ልጄ፣ ብዪ» የሚለው የአባ ቃል ከእኛ ከአሰልጣኞቹ ምክር በላይ ይሰማል። ለሙስሊም ልጆችም በረመዳን የታመመ ሰው ፈቃድ አለው።

ወይ ሁሉንም መፍቀድ፣ ወይ ሁሉንም መከልከል

ሁለቱም ስህተት ነው፤ መመለሷ በደረጃ ይሁን። መጀመሪያ እግር ጉዞና ቀላል የጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ። ከዚያ ከጓደኛ ጋር አጭር፣ ዘና ያለ ሩጫ። ከዚያ ፍጥነት። ውድድር መጨረሻ ላይ ነው። ቀጣዩ ደረጃ የሚከፈተው የምግብ ዕቅዷ ሳይሸራረፍ ሲቆይ ነው። ከተሸራረፈ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ። ይሄ ቅጣት እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ቀን ንገሯት። ፈቃዱን የሚሰጡት ሐኪሙ፣ የሥነ ምግብና የሥነ ልቦና ባለሙያው ናቸው፤ አሰልጣኝ ብቻውን አይወስንም። መሮጥ ባትችልም ከቡድኑ አትነጥሏት፣ ሰርቪሱ ላይ ቦታዋ ይጠበቅላት።

ያቺ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ ስትመለስ ሰዓት መያዙን ለሌላ ሰው ሰጠሁ። ሣሩ ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ቁርሴን በላሁ። ስለ ምግብ አንድም ቃል አልተነፈስንም። እናቷ ስለገዙት ላም ስታወራኝ ዳቦዋ አለቀ።