ቁርጠት ሁሉ አሜባ አይደለም፦ ስለ ሆድ ትላትል የምንሠራቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ነው፣ ማለዳ። አንድ አዛውንት ወደ ላብራቶሪያችን ገቡና ከጋቢያቸው ሥር የክብሪት ቀፎ አወጡ። ውስጡ ሰገራ ነው። ትናንት ማታ የተወሰደ፣ የደረቀ። «አባባ፣ ይሄማ አይሆንም» ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ፣ ሦስት ሰዓት በእግሬ መጥቼ?» አሉኝ። አንጀቴን በሉት። ቀድሞ የነገራቸው ሰው የለም።

ስለዚህ ከዚሁ ልጀምር።

የቆየ ሰገራ ይዞ መምጣት። ተቅማጥ ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። አሜባ በማይክሮስኮፕ የሚለየው ሲንቀሳቀስ ነው። ከቆየ ይሞታል፣ ቅርጹም ይጠፋል። ሽንት ከተቀላቀለበትም ያው ነው። ዕቃውን ከጤና ተቋሙ ተቀብለው እዚያው ይስጡ። የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ትበቃለች። ንፍጥ ወይም ደም ያለበትን ቦታ ይምረጡ።

«ምንም የለም» ሲባል ነገሩን መተው። ጃርዲያ በየቀኑ ከሰገራ ጋር አይወጣም። ሆድዎ እየተነፋ፣ ግሳትዎ እየሸተተ፣ ሰገራዎ ቅባት እየመሰለ ከቀጠለ፣ በተለያየ ቀን እስከ ሦስት ጊዜ ይመርመሩ። ልጅዎ ማታ ማታ መቀመጫውን የሚያክ ከሆነ ደግሞ የሰገራ ምርመራ ብዙም አይረዳም። ያቺ ትንሽ ነጭ ትል እንቁላሏን የምትጥለው ውጭ፣ ቆዳው ላይ ነው። ጠዋት ሳይታጠብ ግልጽ ፕላስተር ለጠፍ አድርጎ በማንሳት ነው የምትገኘው።

ሳይመረመሩ ፍላጅል መግዛት። እንደኔ እንደኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሆድ ቆረጠ? «አሜባ ነው» ይባላል፣ ፍላጅል ይገዛል፣ ሁለት ቀን ተውጦ ሻል ሲል ይተዋል። ፍላጅል ለአሜባና ለጃርዲያ ይሆናል። ለወስፋት አይሆንም። ለኮሶ አይሆንም። ለብልሃርዝያም አይሆንም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከባክቴሪያ ነው የሚመጣው። መድኃኒቱን ውጠው ከመጡ ለኔም ያስቸግረኛል፤ በሽታው ሳይድን ምልክቱ ይደበቃል።

አረቄና ሚጥሚጣ ኮሶን ይገድላል ብሎ ማመን። አይገድልም። የኮሶ እጭ የሚኖረው ሥጋው ውስጥ ነው፤ አረቄው ሆድ ሲደርስ እጩን አያገኘውም። ለበዓል በቅርጫ የታረደ በሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምረው የለም። ከቄራ የወጣ ማህተም ያለበት ሥጋም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም፤ ጥቂት እጭ በቢላ ፍተሻ ሊያመልጥ ይችላል። ቁርጥ እንደምንወድ አውቃለሁ፣ እኔም ያደግሁበት ነው። ግን እጩን በርግጠኝነት የሚገድለው በደንብ ማብሰል ነው።

ሥጋው ከተበላ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ውስጥ ሱሪ ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የምትንቀሳቀስ ቁራጭ ይታያል። አፍረው አይደብቁት። ለባለሙያው ይንገሩ፣ ቢቻል ይዘውት ይምጡ፤ እንቁላሉ በሰገራ ላይታይ ይችላልና። የኮሶ አበባና እንቆቆ አባቶቻችን የተጠቀሙበት ነው፣ አልንቅም። ችግሩ መጠኑ አይለካም። ለነፍሰ ጡር ደግሞ አደገኛ ነው። ጭንቅላቱ አንጀት ላይ ተጣብቆ ከቀረ ትሉ መልሶ ያድጋል።

«ውሃውን አልጠጣሁትም» ማለት። ከጣርማ በር ወርደው ሸዋ ሮቢት አካባቢ መስኖ ላይ የሚሠሩ ወንድሞቻችን እንዲህ ይሉኛል። ብልሃርዝያ እንዲይዝዎ ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም። ከቀንድ አውጣ ወደ ውሃው የወጣው እጭ ቆዳ በስቶ ነው የሚገባው። ለመሻገር መግባት፣ መዋኘት፣ ልብስ ማጠብ በቂ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያስተዋሉት በዚህ በሽታ ጥናት ላይ ሳሉ ነው።

ቆዳው ያሳክካል፣ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ኋላ ሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ፤ ዓመታት ሲያልፉ ጉበትና ጣፊያ ያብጣል። እንቁላሉ በሰገራ የሚታየው ከአምስት እስከ ሰባት ሳምንት ቆይቶ ነው። ቶሎ ተመርምረው «ነጻ» ቢባሉ ተመልሰው ይምጡ። ቆላ ከርመው እንደነበርም ሳይጠየቁ ይናገሩ።

የታመመ ጉበት ወይም ሳንባ ለውሻ መወርወር። ይህን ያየሁት እትዬ ቤት ነው። በጉ ታርዶ፣ ሳንባው ላይ የዶሮ እንቁላል የሚያክል ውሃ የቋጠረ ከረጢት ተገኘ። ልጁ ቆርጦ ለቡችላው ጣለለት። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የትል እጭ ነው። ውሻው በልቶ ትሉን በአንጀቱ ያሳድጋል፤ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ወጥቶ በእጅ፣ በሣር፣ በጎመን በኩል ወደ ሰው ይመጣል። ያው ከረጢት በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ዝም ብሎ ያድጋል። እኔ ዘንድ ሰገራ ቢያመጡ አላገኘውም። የጉበቱ በአልትራሳውንድ፣ የሳንባው በራጅ ነው የሚታየው። እትዬ አሁን እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ጓሮ አስቆፍራ፣ ውሻ እንዳያወጣው በጥልቁ ታስቀብረዋለች።