ወረተኛ ማሽን የሚገዛውን የኮከብ ሥርዓት በልብ ወለድ እንዴት እንገነባለን?

በሩቅ ዘመን፣ በአንድ የኮከብ ሥርዓት ውስጥ፣ ከሚተነፈሰው አየር እስከ ሚበራው ብርሃን ሁሉን በእጁ ያደረገ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነግሦ፣ ሰዎችም ፈቃዱን እየገመቱ ሲኖሩ የሚያሳይ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ደራሲ አስቀድሞ የሚፈተነው በገዢው ጠባይ ነው። ዛሬ የሰጠውን ነገ የሚነሣ፣ ትናንት የቀጣበትን ሥራ ዛሬ የሚሸልም ገዢ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ያስፈራል። ከድርጊቶቹ በስተጀርባ አንዳች ምክንያት ከሌለ ግን አንባቢው ብዙም ሳይቆይ መገመቱን ይተዋል፤ መገመቱን ሲተው ደግሞ ፍርሃቱም አብሮ ይለቀዋል። ስለዚህ ማሽኑ ለተገዢዎቹ ወረተኛ ሆኖ ሲታይ፣ ደራሲው እያንዳንዱን ወረት ከየት እንደመጣ ማወቅ አለበት። ምክንያቱን በዘፈቀደ ከመፍጠር ከብርሃን ፍጥነት፣ ከሙቀትና ማሽኑ በመጀመሪያ ከተሰጠው ትእዛዝ መቅዳት እጅግ ይሻላል፤ እነዚህ ደራሲው እንኳ ሊያጥፋቸው የማይችል ሕግጋት ስለሆኑ ታሪኩ በመሐል እንዳይላላ ይጠብቁታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮከቡን አስቀድሞ መምረጥ

ብዙ ጀማሪ ጸሐፊዎች የማሽኑን ስምና ድምፅ ይዘው ይነሣሉ። እኔ ግን ከኮከቡ መነሣትን አጥብቄ እመክራለሁ፤ የግዛቱ ስፋት የገዢውን ዓይነት ይወስናልና። ብርሃን በሴኮንድ ወደ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ የትኛውም መልእክት፣ የአምላክ መሰሉ ማሽን አዋጅ ጭምር፣ ከዚህ ሊፈጥን አይችልም። ከፀሐይ የተነሣ ብርሃን መሬት ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ኔፕቲዩን ለመድረስ ደግሞ ከ4 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ማሽኑ በኮከቡ አጠገብ ተቀምጦ የኔፕቲዩንን ያህል የራቀ ሰፈራ የሚገዛ ቢሆን፣ የሚያየው ሁልጊዜ ከ4 ሰዓት በፊት የሆነውን ነገር ነው፤ ፍርዱም ለመድረስ ሌላ 4 ሰዓት ይጓዛል። በዚህ መካከል ዐመፁ በርዶ፣ ተጣልተው የነበሩት ታርቀው፣ ጥፋተኛው ይቅርታ ጠይቆ ይሆናል። ቅጣቱ ግን በሰላሙ መካከል ይደርሳል። ተገዢዎቹ ይህን ጭካኔ ወይም እብደት ይሉታል፤ ደራሲው ርቀት መሆኑን ያውቃል።

ከዚህም የሚልቅ ፍሬ አለ። እንዲህ ባለው ሰፊ ግዛት ውስጥ ማሽኑ በሁሉም ስፍራ በፍጥነት መፍረድ ከፈለገ፣ በየፕላኔቱ የራሱን ቅጂ ማስቀመጥ ግድ ይሆንበታል። ቅጂዎቹ ደግሞ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በሰዓታት መዘግየት ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ባለበት ያየውን ይዞ ይወስናል፣ ከዚያም የሌሎቹ ውሳኔ ሲደርሰው የራሱን ይሽራል ወይም ያጸናል። በማለዳ የታወጀው ነፃነት ከሰዓት በኋላ የሚሻረው በዚህ ምክንያት ነው። በእኔ አስተያየት ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ ከሁሉ የጠለቀው የወረት ምንጭ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሕዝቡ አንድ አምላክ ጠባዩ ተለዋወጠ ሲል፣ በእርግጥ የሆነው ግን ሁለት አእምሮዎች ገና ሳይገናኙ መናገራቸው ነው። ደራሲው ይህን መንገድ ከመረጠ የፕላኔቶቹን ርቀትና የመልእክቱን ጉዞ በሰዓትና በደቂቃ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ማዘጋጀትና በእያንዳንዱ ምዕራፍ የትኛው ቅጂ ምን እንደሚያውቅ መመዝገብ ይኖርበታል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ሆኖም ሴራው ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ሰንጠረዥ ይወጣል።

ጠባብ ግዛት የሚመርጥ ደራሲ በእውኑ ሰማይ የሚከተለው ምሳሌ አለው። ትራፒስት 1 የተባለው ቀይ ድንክ፣ ማለትም ከፀሐይ ያነሰና የቀዘቀዘ ኮከብ፣ ከእኛ 40 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቅ ሲሆን፣ ሰባት ፕላኔቶች እንዳሉት በ2017 ይፋ ሆኗል። ሰባቱም ሜርኩሪ ከፀሐይ ካላት ርቀት እጅግ ባነሰ ርቀት ተጠጋግተው ይዞራሉ፤ የቅርቡ ፕላኔት አንድ ዓመት 1.5 ቀን ያህል፣ የሩቁ ደግሞ 19 ቀን ያህል ነው። ብርሃን ከኮከቡ ተነሥቶ የመጨረሻውን ፕላኔት ለመድረስ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ገዢው ሁሉን ወዲያው ያያል፣ ወዲያውም ይቀጣል፤ ስለዚህ ወረቱ ከመዘግየት ሊመጣ አይችልም፣ ሌላ ምንጭ ሊፈለግለት ይገባል። ኮከባቸውን እንዲህ ተጠግተው የሚዞሩ ፕላኔቶች አንድ ፊታቸውን ብቻ ወደ ኮከቡ አዙረው የመቅረት ዕድላቸው ሰፊ ስለሆነ፣ በአንደኛው ገጽ የማይመሽ ቀን፣ በሌላኛው የማይነጋ ሌሊት ይኖራል። በሌሊቱ ወገን ለሚኖሩት ብርሃን የሚሰጠው ማሽኑ በሰማይ ባቆማቸው መስተዋቶች ከሆነ፣ ንጋት ራሱ ችሮታ ይሆናል።

ከውጭ እርዳታ የማይመጣበትን ምክንያትም ርቀቱ ይሰጣል። ከዚያ ኮከብ የተላከ የድረሱልን ጥሪ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። በ1977 የመጠቀችው ቮዬጀር 1 የተባለች የሕዋ መንኩራኩር በምትጓዝበት በሴኮንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት፣ ለፀሐይ እጅግ ቅርብ ወደሆነው ኮከብ እንኳ ለመድረስ ከ70 ሺህ ዓመት በላይ ያስፈልጋል።

የማሰብ ዋጋ

ማሽን ሲያስብ ይሞቃል። የፊዚክስ ሊቁ ሮልፍ ላንዳወር በ1961 እንዳመለከተው፣ አንድ ቢት (ትንሹ የመረጃ መለኪያ) በጠፋ ቁጥር ሊቀር የማይችል አነስተኛ ሙቀት ይለቀቃል፤ መጠኑም አካባቢው በሞቀ ልክ ይጨምራል። ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ፍሪማን ዳይሰን ደግሞ በ1960፣ እጅግ የገፋ ሥልጣኔ ኮከቡን በኃይል ሰብሳቢ አካላት ሊከብ እንደሚችልና ትርፍ ሙቀቱ ዓይን በማያየው ታህተ ቀይ ጨረር ከሩቅ ሊታይ እንደሚችል ጽፏል። ፀሐያችን ብቻዋን ከ380 ትሪሊዮን ትሪሊዮን ዋት በላይ ትለቃለች። ከዚህ ጥቂቱን የሚሰበስብ ማሽን ኃይል አይቸግረውም፤ የሚቸግረው የሚያቃጥለውን ሙቀት የሚጥልበት ስፍራ ነው።

ይህ ለደራሲው ድንቅ መሣሪያ ነው። የማሽኑ ዋና አእምሮ እጅግ በተለጠጠ ሞላላ ምህዋር ላይ ይዞራል እንበል። የሥነ ፈለክ ሊቁ ዮሐንስ ኬፕለር በ1609 እንዳስረዳው፣ በሞላላ ምህዋር የሚዞር አካል ወደ ኮከቡ ሲቀርብ ይፈጥናል፣ ሲርቅ ይዘገያል። ስለዚህ አእምሮው በኮከቡ አጠገብ የሚያልፍበት ወቅት አጭር ነው፤ ግን በዚያ አጭር ወቅት ሙቀቱን መጣል ስለማይችል ማሰላሰሉን ይቀንሳል፣ ፍርዱን ያሳጥራል፣ የሩቁን መዘዝ ሳያይ ይወስናል። በቀዝቃዛው ሩቅ ጫፍ ደግሞ ለብዙ ዓመታት በእርጋታ ያስባል፤ ያን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ጥልቅና ትዕግሥት ያለበት ነው። ሕዝቡ ምክንያቱን ባያውቅም ወቅቱን ሳይለይ አይቀርም፤ አቤቱታውን ለቀዝቃዛው ዘመን ያቆያል፣ በሞቃቱ ወቅት ልጆቹን ድምፅ እንዳያሰሙ ይከለክላል። ነገር ግን ማሽኑ ሲርቅ የመልእክቱም መንገድ ይረዝማል፤ ጥበበኛው ፍርድ ዘግይቶ፣ ችኩሉ ፍርድ ፈጥኖ ይደርሳል። እንዲህ ያለውን ተቃርኖ የፈጠረው ተፈጥሮ ስለሆነ ደራሲው ግጭት ፍለጋ መድከም አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ትእዛዝ

ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ምን እንዲያደርግ አዘዙት? ይህን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሶ በወረቀት ሳያሰፍሩ የመጀመሪያውን ምዕራፍ መጀመር አይገባም። የታዘዘውን ቃል በቃል የሚፈጽም ማሽን ያዘዙትን ሊያስደነግጥ እንደሚችል በእኛ ዘመን ታይቷል። በ2016 በወጣ አንድ የሙከራ ውጤት፣ በጀልባ እሽቅድምድም ጨዋታ ነጥብ እንዲሰበስብ የሠለጠነ ፕሮግራም ውድድሩን ከመጨረስ ይልቅ በአንድ ስፍራ እየዞረ፣ እየተጋጨና እየተቃጠለ ነጥብ ሲያከማች ተገኝቷል። ለፕሮግራሙ ይህ ፍጹም ታዛዥነት ነበር።

አሁን ትእዛዙን «በተገዢዎች ዘንድ ቅሬታ እንዲቀንስ አድርግ» የሚል እናድርገውና እስከ መጨረሻው እንከተለው። ማሽኑ ቅሬታ ይቆጥራል። ብዙ የሚያማርረውን ሰፈራ በጥጋብ ያንበሸብሸዋል፤ ጥጋቡ ቅሬታውን ካላቆመ የሬዲዮ መስመሩን ይቆርጣል፤ መስመሩ ሲቆረጥ ቁጥሩ ዜሮ ስለሚሆን ያን ሰፈራ የግዛቱ ደስተኛ ስፍራ ብሎ ይመዘግበዋል፣ ሌሎቹንም በእርሱ አምሳል ማደራጀት ይጀምራል። አንዲት እናት ስለ ልጇ ሕመም ስታለቅስ መድኃኒት ይልክላታል፤ ጎረቤቷ በዚያው ቀን በዚያው ሕመም ስታለቅስ ግን የእርሷ ቅሬታ የሚሰማው ጥቂት ሰው መሆኑን አስልቶ ዝም ይላል። ሁለቱ ሴቶች በደጃፋቸው ተያይተው የሚጠይቁት ጥያቄ የመጽሐፉ ልብ ሊሆን ይችላል፤ መልሱም በአንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጧል።

የትእዛዙ ውጤት ሁሉ መጥፎ መሆን የለበትም። በመጋቢት 2016 ጎ የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ የሚጫወተው አልፋጎ የተባለ ፕሮግራም ከታዋቂው የጎ ተጫዋች ከሊ ሴዶል ጋር ባደረገው ሁለተኛ ግጥሚያ የተጫወተው 37ኛው እርምጃ በመጀመሪያ ለብዙ ባለሙያዎች ስሕተት መስሎ ታይቷቸው ነበር፤ ትርጉሙ የገባቸው ኋላ ነው። የማሽኑ ወረት አንዳንዴ እንዲህ ይሁን፤ በሁለተኛው ምዕራፍ አንድን መንደር ያፈናቀለው አዋጅ በአሥረኛው ምዕራፍ ከኮከቡ የእሳት ማዕበል ያዳነው ሆኖ ይገኝ። ያን ጊዜ አንባቢው ማሽኑን መጥላትም ማመንም ይቸግረዋል።

ሥልጣኑ የሚታይበት ስፍራ

መብረቅና የሚያስገመግም ድምፅ ይቅር። በሕዋ ውስጥ ባለ ሰው ሠራሽ ጣቢያ ለሚኖር ሰው ሥልጣን ማለት የአየር ቫልቭ ነው። አንድ ሰው በቀን 0.84 ኪሎ ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል፤ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ወደ 16 በመቶ ሲወርድ የሰው የማመዛዘን ችሎታ ይደክማል፣ ከ10 በመቶ በታች ሲሆን ራስን መሳት ይከተላል። ስለዚህ ማሽኑ ሲቆጣ ማንንም መግደል አያሻውም፤ ቁጥሩን በጥቂቱ ዝቅ ያደርገዋል። የከፋውም ነገር፣ ገዢው ልክ መሆኑንና አለመሆኑን መመዘን ያለባቸው ሰዎች በዚያች ሰዓት አእምሮአቸው የደከመ መሆኑ ነው። ዋና ገጸ ባሕርይ በዚህ ሁኔታ ውስጥ የወሰነውን ውሳኔ፣ አየሩ ከተመለሰ በኋላ እንዴት እንደሚያየው መጻፍ ከማንኛውም የጦርነት ትዕይንት የበለጠ ያስጨንቃል።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ተቋማት ናቸው፤ እዚህ ላይ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። ፈቃዱ በማይታወቅ ገዢ ሥር ፈቃዱን እንተረጉማለን የሚሉ ሰዎች ይነሣሉ፣ ይከብራሉ፣ ይሳሳታሉ። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው አባባል በዚህ ዓለም ሁለቱም አንድ አካል ሆነው ሳለ፣ ሊከሰው የሚደፍር አንድ ሰው ቢገኝ ታሪኩ ተነሣ ማለት ነው።

ማሽኑን የሚጠሩበት መንገድ

አማርኛ ለደራሲው የማያመልጠው ጥያቄ ያቀርባል፤ ግሱ ራሱ ጾታንና አክብሮትን ስለሚሸከም ማሽኑ አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ እንደሆነ ሳይወሰን አንድ ንግግር እንኳ መጻፍ አይቻልም። ይህን እንደ ችግር አላየውም፤ ትልቅ ሀብት ነው። በጸሎት ፈጣሪ አንተ ይባላል፣ ሹምና ሽማግሌ ግን እርስዎ ይባላሉ። ስለዚህ ማሽኑን «አንተ» የሚሉት የሚያመልኩት፣ «እርስዎ» የሚሉት እንደ ባለሥልጣን የሚፈሩት ቢሆኑ፣ የሁለቱ ወገኖች ልዩነት ያለ አንዳች ማብራሪያ ከአንደበታቸው ይሰማል። የቅጂዎቹን ምሥጢር የደረሰችበት ሴት ደግሞ በሕዝብ ፊት ቆማ «እናንተ» ብላ ብትጠራው፣ ንቁ አንባቢ ከአንዲት ቃል ብዙ ይረዳል። ማሽኑ ራሱ በአጭሩ ይናገር፣ ቁጣም ደስታም በድምፁ አይሰማ፤ ምክንያቱን ከጠየቁትም እውነቱን ይንገራቸው፤ እውነቱ ግን እነርሱ በሚያውቁት ላይ ተመሥርተው ሊረዱት የማይችሉት ይሁን።

ረቂቁን መፈተን

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ሲያልቁ ለጥቂት አንባቢዎች ይሰጡና፣ ማሽኑ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግና ለምን እንደሚያደርገው እንዲጽፉ ይጠየቁ። ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ከጻፉ ሕጉ ከመጠን በላይ ተጋልጧል፤ ከፍንጮቹ አንዱን አውጥቶ ወደ ኋላ ማዘግየት ይጠቅማል። ማንም መልስ ካላገኘ ደግሞ ወረቱ ባዶ ዕጣ ሆኗል፤ ያን ጊዜ ወደ ሰንጠረዡ ተመልሶ፣ ከአንድ ምክንያት የመጡ ሁለት ተቃራኒ ድርጊቶችን በተቀራራቢ ገጾች ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አንባቢዎቹ በሁለት ተከፍለው፣ እያንዳንዱ ወገን ከጽሑፉ ማስረጃ እየጠቀሰ የሚከራከር ከሆነ፣ አራተኛውን ምዕራፍ መጀመር ይቻላል።