የዶሮና የቋሊማ ጉምቦ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጉምቦ የአሜሪካዋ ሉዊዚያና ግዛት መለያ ምግብ ነው፤ የምዕራብ አፍሪካ ባምያ፣ የፈረንሳዮች የዱቄት ቁሌትና የአካባቢው ነባር ነዋሪ የሆነው የቾክታው ሕዝብ የሳሳፍራስ ዛፍ ቅጠል የተገናኙበት። ቤቱ ሞክሮት ገርጣ ያለ፣ ዱቄት ዱቄት የሚል ሾርባ የወጣበት ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ቅመሙ ላይ ይፈልጋል። እኔ ግን በቅድሚያ የምጠይቀው ቁሌቱን ምን ያህል ጊዜ እንዳማሰለው ነው።

ትልቁ ስህተት ቁሌቱን ቶሎ ማውረድ ነውና። ሩ የሚባለው ይህ ቁሌት ከእኩል መጠን ዘይትና ፍርኖ ዱቄት ይሠራል፤ ከእያንዳንዳቸው 1 ኩባያ ለ2 ሊትር ተኩል ያህል መረቅ ይበቃል። ታቹ ወፍራም በሆነ ድስት፣ ከመካከለኛ ዝቅ ባለ እሳት፣ የድስቱን ጥጋጥግ በእንጨት ማማሰያ እየጠረጉ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማማሰል ይጠይቃል። መጀመሪያ ነጭ ሊጥ ይመስላል። ቀጥሎ ቢጫ ይሆንና ቤቱን የቆሎ ሽታ ይሞላዋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሽታው ደስ ስለሚል የደረሰ ይመስላቸዋል። ገና ነው! ከዚያ የለውዝ ቅቤ ቀለም ይይዛል፣ ቀላ ይላል፣ በመጨረሻም ጥቁር ቸኮሌት ይመስላል። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ከነበረው ቀጥኖ፣ ማማሰያው ሲነሣ በቀላሉ ይወርዳል። የጉምቦው ጠለቅ ያለ ጣዕም የሚመጣው በዋናነት ከዚህ ነው።

ቁሌቱ ጠቆረ ብሎ ጉምቦው በጣም ይወፍራል ብሎ መጠበቅም ያሳስታል። ዱቄቱ በጠቆረ ቁጥር በውስጡ ያለው ስታርች በሙቀቱ ስለሚፈራርስ የማወፈር ኃይሉ ይቀንሳል። የዶሮና የቋሊማ ጉምቦ ከወጥ ቀጠን፣ ከሾርባ ወፈር ብሎ ቢወጣ ትክክል ነው።

እሳቱን ከፍ አድርጎ ጊዜ መቆጠብ ደግሞ ተቃራኒው ጥፋት ነው። ዕውቁ የሉዊዚያና ምግብ አብሳይ ፖል ፕሩዶም በጋለ ዘይት በጥቂት ደቂቃዎች ያደርሰው ነበር፤ ለጀማሪ ግን ፈጽሞ አልመክርም። ጥቁር ፍንጣቂዎች ብቅ ካሉ ቁሌቱ አርሯል። ያረረን ቁሌት መጣልና እንደገና መጀመር ነው፤ ምሬቱን ስኳርም ቅመምም አይሸፍነውም። በዘይት ፋንታ ለጋ ቅቤ መጠቀምም ለማረር ያጋልጣል፤ በቅቤው ውስጥ ያለው የወተት ቅሪት ከዱቄቱ ቀድሞ ያራል። ቁሌቱ ቆዳ ላይ ከተፈናጠቀ ተጣብቆ ክፉኛ ስለሚያቃጥል ልጆች ከምድጃው ይራቁ።

አትክልቱ ሳይከተፍ እሳት መለኮስ አይገባም። ሽንኩርት፣ ሰለሪና አረንጓዴ የፈረንጅ ቃሪያ፣ የአገሬው ሰዎች ቅድስት ሥላሴ የሚሏቸው፣ ተከትፈው አጠገብዎ ይቀመጡ። ቁሌቱ ቀለሙን ሲይዝ ወዲያው ይጨመራሉ፤ እርጥበታቸው ሙቀቱን ይቀንስና ከማረር ያድነዋል። በዚያች ሰዓት ሽንኩርት መላጥ የጀመረ ሰው ድስቱን አጥቷል ማለት ይቻላል። ነጭ ሽንኩርት የሚገባው አትክልቱ ከለሰለሰ በኋላ ነው። መረቁንም በጭልፋ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ያማስሉ፤ በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ ይጓጉላል።

ቋሊማውን ጥሬውን መጨመር ጣዕም ማባከን ነው። በመጀመሪያ በመጥበሻ ጠብሰው ያውጡት፤ ከመጥበሻው ሥር የተያዘውን ቡናማ ቅሪት በጥቂት መረቅ ፍቀው ወደ ድስቱ ይመልሱ። አንዱዪ የሚባለው በጭስ የታጠነ የሉዊዚያና ቋሊማ የአሳማ ሥጋ ነው። አሳማ የማይበላ ቤተሰብ በጭስ የታጠነ የበሬ ወይም የተርኪ ቋሊማ ይጠቀም፤ ዋናው ጭሱ ነው። ጭስ ያልነካው ቋሊማ ግን ቦታውን አይሞላም።

የደረት ሥጋ ለረጅም ጊዜ ሲፈላ እንደ ገመድ ይደርቃል። አጥንት ያለው የታፋና የእግር ሥጋ ይምረጡ፤ ሲበስል አውጥተው ከአጥንቱ ለይተው ይመልሱት። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቋሊማው የራሱን ጨው ይዞ መጥቷል። በርበሬ የማብዛት ፈተና እኛ ላይ ይበረታል። ኮረሪማና ሌላ ቅመም ያለበት በርበሬያችን ቁሌቱን ስለሚውጠው፣ ምንም ያልተቀላቀለበት የተፈጨ ደረቅ ቃሪያ በቁንጥር ይሻላል። ቲማቲምን በሉዊዚያናዋ ከተማ በኒው ኦርሊንስ የባሕር ምግብ ጉምቦ ውስጥ ያገኙታል፤ ኬጀን በሚባሉት የፈረንሳይ ዝርያ ያላቸው የሉዊዚያና ሰዎች የዶሮ ጉምቦ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።

ባምያ ከጨመሩ ቀድመው በዘይት ይጥበሱት፤ ዝልግልግነቱ ይቀንሳል። ፊሌ የሚባለው የተፈጨ የሳሳፍራስ ቅጠል ከእሳት ከወረደ በኋላ ወይም በየሳህኑ ይነሰነሳል እንጂ አይፈላም፤ ከፈላ ክር ክር ይላል። ሁለቱም ስለሚያወፍሩ አንዱ ይበቃል።

መረቁ ከገባ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት በዝግታ ይንተክተክ። ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት ሳይሰለቹ በማንኪያ ይቅፈፉት። ይህን ቸል ካሉት የመጀመሪያዋ ጉርሻ አፍ ላይ ዘይት ትተዋለች።

ሩዙ ለብቻው ይቀቀል፤ ድስቱ ውስጥ ከገባ መረቁን መጥጦ ገንፎ ያደርገዋል። ጉምቦ በማግሥቱ የበለጠ ይጣፍጣል፤ ስለዚህ የተረፈውን ያለ ሩዝ፣ ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍለው፣ ከወረደ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ያስገቡት። በማግሥቱ ከማሞቅዎ በፊት ላዩ ላይ የረጋውን ስብ ያንሡለት፤ መረቁ ከወፈረም ትንሽ ውሃ ይበቃዋል።