ኦንላይን ስታስተምሩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ትልቁ ስህተት ስላይድ ላይ የጻፍነውን ቃል በቃል ማንበብ ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ነበር የማስተምረው። ተማሪው በዓይኑ እያነበበ ያንኑ በጆሮው ይሰማል፣ ፍጥነቱ ግን አይገጥምም፤ እሱ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ እናንተ ገና አንደኛው ላይ ናችሁ። በዚህ ላይ ብዙ ያጠናው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሪቻርድ ሜየርም የሚለው ይህንኑ ነው፦ ሥዕልና ንግግር አብረው ሲሄዱ ጥሩ ነው፣ ንግግሩን መልሶ በጽሑፍ መደርደር ግን ጭነት ይሆናል። ቁልፍ ቃላቱን ብቻ ጻፉ። በተለይ በእንግሊዝኛ የምታስተምሩ ከሆነ አዲሱን ቃል ከነፊደሉ ማየት አለባቸው።

እዚህ ጎንደር በኣታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም (ከእንቅስቃሴ ጋር የሚቀርበውን የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ) ሲማሩ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ድምፅ ዜማውን ይይዛል፣ መቋሚያው እንቅስቃሴውን፣ ከበሮና ጸናጽሉ ምቱን። ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው።

ባለፈው የልብን ክፍሎች ሳስተምር ስላይዱን ተውኩት። መጻሕፍት ደራርቤ ስልኬን ላያቸው ላይ አስቀመጥኩ፣ ካሜራውን ወደ ወረቀት አዞርኩና እየሣልኩ አወራሁ። ደሙ ወደ ሳንባ ሲሄድ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከሳንባ ሲመለስ ደግሞ በቀይ። የዚያን ቀን ጥያቄው ጎረፈ!

ሌላው ስህተት የተማሪውን ስልክ መርሳት ነው። ማታ አባቱ ከሥራ ሲገባ ጠብቆ በአባቱ ስልክ የሚማር ልጅ አለ። የ40 ደቂቃ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ስትለቁበት ፓኬጁ መሃል ላይ ያልቃል፣ ትምህርቱም እዚያው ይቆማል። ቆራርጡት። ካልሆነም ሥዕሉን በፎቶ፣ ማብራሪያውን በድምፅ ላኩለት። ድምፁን ስትቀዱ ታዲያ «እዚህ ጋ እንደምታዩት» አትበሉ፤ «በግራ በኩል ያለው ቀስት» ብላችሁ በቃል ግለጹት፣ ማየት ለተሳነው ተማሪም ይጠቅመዋል።

ለጌጥ ብቻ የምትለጥፉትን ሥዕል አውጡት። ተማሪዎችንም «ይሄ በማየት፣ ያቺ በመስማት ነው የምትማረው» ብላችሁ አትከፋፍሏቸው፤ ጥናቶቹ ይህን አይደግፉትም።

የመጨረሻው ደግሞ ልቤን የሚነካው ነው። እኛ በሥዕልም በድምፅም አስተምረን መልሱን በጽሑፍ ብቻ እንጠይቃለን። አንዲት ተማሪዬ የጽሑፍ ጥያቄ በላክሁ ቁጥር ዝም ትላለች። አንድ ቀን «በድምፅም መመለስ ይቻላል» አልኳቸው። በአማርኛ፣ ረጋ ብላ፣ የደሙን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስረድታ ላከችልኝ። ከጀርባዋ የቡና ሙቀጫ ይሰማል።