አሮጌ ፈጣን መኪና ይዘው ወደ መሮጫ ሜዳ ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሠላሳና አርባ ዓመት ቆይቶ ውበቱን ያልጣለ ፈጣን መኪና ያለው ሰው፣ አንድ ቀን እስከ ጥጉ ሊነዳው መመኘቱ አይቀርም። መሀል አዲስ አበባ ለዚህ ምኞት ቦታ የላትም። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደው የቸርችል ጎዳና ማለዳ ጭር ሲል ቢያጓጓም፣ የእግረኛና የታክሲ መንገድ ነው፤ “እስቲ ፍሬኑን ልሞክረው” ብሎ እዚያ መፍጠን ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነውና በዚህ ልጀምር። ቦታው ለአማተሮች ተከልሎ የተዘጋጀ አስፋልት ነው፤ መኪናቸውን ውጭ አገር ላስቀመጡት ደግሞ እንደ ዱባይ አውቶድሮም ወይም እንደ ደቡብ አፍሪካው ካያላሚ ያለ ሜዳ ነው።

የትም ይሁን የት፣ ዕድሜ የጠገበን መኪና የሚጎዳው ፍጥነት የሚወልደው ሙቀት ነው። በከተማ መንገድ ዓመታት ያለ ችግር ያገለገለ ዕቃ፣ በሜዳ ላይ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጉዱ ይወጣል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

የፍሬን ሸራ ቀይሮ የፍሬን ዘይትን መርሳት

ለሜዳ የሚዘጋጅ ባለመኪና ጋራዥ ገብቶ መጀመሪያ የሚያዘው አዲስ የፍሬን ሸራ ነው። ሸራ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል፤ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። መኪናው ተሸፍኖ ቢቆምም፣ አንድ ኪሎ ሜትር ባይነዳም ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። በመካከል ያለው 75 ዲግሪ በሜዳ ላይ የእርስዎ ሕይወት ነው።

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬኑ የሚውጠው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመቆም የለመደ ፍሬን ከ160 እንዲያቆም ሲጠየቅ፣ ያውም በየኩርባው እየተደጋገመ፣ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይሻገራል። ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሲፈጥር እንፋሎቱ እንደ ፈሳሽ ግፊትን ስለማያስተላልፍ፣ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ ወለል ይነካል። ሸራው አዲስ መሆኑ በዚያን ጊዜ አንዳች አይጠቅምም።

ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይህን ለደንበኞቻቸው የሚያሳዩበት መንገድ ደስ ይለኛል። በስሪንጅ ከመኪናው ዘይት ትንሽ ቀድተው በነጭ የፕላስቲክ ኩባያ ያኖሩታል፤ ከጎኑ በሌላ ኩባያ ከአዲስ ጣሳ ያፈስሳሉ። አንዱ የጠጅ ቀለም፣ ሌላው ጥቁር ቡኒ። “ጋሼ፣ ይህ ዘይት ውሃ ጠጥቷል፤ በዚህ ከእንጦጦ መውረድም አይገባዎትም” ሲሉ ባለመኪናው ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ያስቀይሩ፤ የጎማ ቧንቧዎቹንም አብረው ያስቀይሩ፤ ያረጀ ቧንቧ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ያብጣልና። እ.ኤ.አ. በ1987 የቀረበውን ፌራሪ ኤፍ40ን ያስቡት፦ 478 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ የለውም፣ የፍሬን አጋዥም የለውም። በእንዲህ ያለ መኪና ውስጥ በእግርዎና በኩርባው መካከል ያለው ያ ዘይት ብቻ ነው።

የጎማውን ጥርስ አይቶ ዕድሜውን አለማየት

ትንሽ የሚነዳ መኪና ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ጎማው ጎን ላይ “DOT” ብሎ በሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ 2314 ቢል እ.ኤ.አ. በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ዓመታት የተቀመጠ ላስቲክ ይደርቃል፤ በእጅ ሲነካ ያልታወቀው ድርቀት በኩርባ ላይ ይታወቃል። ከአሥር ዓመት ያለፈውን ለሜዳ በፍጹም አይመኑት፤ እኔ በግሌ ስድስት ዓመት ያለፈውንም አልመክርም። መርካቶ ጎማ ሲገዙም “አዲስ ነው” የሚለውን ቃል ሳይሆን አኃዙን ያንብቡ፤ ሳይነዳ የኖረም ጎማ ያረጃልና።

የጎማ ነፋስ ጠዋት በአዲስ አበባ ብርድ ተለክቶ ከሰዓት በኋላ በጋለ አስፋልት ላይ ያው አይሆንም፤ ይጨምራል። ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች በኋላ ጎማው እንደጋለ ይለኩት፣ ያስተካክሉት። ቸርኬው ማግኒዚየም ከሆነ፣ ለምሳሌ እንደ ላምቦርጊኒ ሚውራ ያለ መኪና ላይ እንዳለው፣ ስንጥቅ እንዳይኖረው ባለሙያ ይመርምረው።

የአዲስ አበባን ልክ ለሁሉም ቦታ ልክ ማድረግ

ይህ የእኛ የራሳችን ስህተት ነው፤ በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች አያውቁትም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያንሳል። ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር አየሩ መሳሳቱን ስለማያውቅ ቤንዚኑን በልኩ አይቀንስም። ድብልቁ ቤንዚን በዝቶበት ይወፍራል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ሞተሩ ይታፈናል። የእኛ መካኒኮች ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ቤንዚኑን ያጠብቡታል። እስከዚህ ሁሉም ትክክል ነው።

ችግሩ የሚመጣው አንዳንዱ ባለመኪና ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ድብልቁን እስከ መጨረሻው ካስቀጠነ በኋላ ወደ ቆላ ሲወርድ ነው። አዳማ ከአዲስ አበባ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ አዋሽ ደግሞ ከዚያም በታች ነች። አየሩ እየወፈረ በሄደ ቁጥር ያ የቀጠነ ድብልቅ ይበልጥ ይቀጥናል። የቀጠነ ድብልቅ ደግሞ ይግላል። በከተማ ትራፊክ ውስጥ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ ነዳጅ መስጫው እስከ ወለል ተረግጦ ሲቆይ ግን የፒስተንን አናት እስከ መብሳት ይደርሳል።

ስለዚህ ወደ ቆላ ሜዳ የሚወርዱ ከሆነ እዚያው ደርሰው ካንዴላውን ፈትተው ይዩት። በሙሉ ጉልበት ትንሽ ከነዱ በኋላ ሞተሩን ያጥፉ፣ ካንዴላውን በቁልፍ ያውጡ፣ ነጩን ሸክላ በብርሃን ይመልከቱ። ፈዘዝ ያለ ቡኒ ከሆነ መልካም ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ያ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ ሞተር አይበሳም። ነጭ ሆኖ እንደ ኖራ ከደረቀ፣ ወይም ጥቃቅን ነጠብጣብ ካሳየ፣ እስኪስተካከል ድረስ መኪናውን አያንቀሳቅሱ።

የሳሳው አየር በሌላም በኩል ይበድለናል፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙ አነስተኛ ነው። ፍሬኑም፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተርም በእኛ ከፍታ ቀስ ብለው ነው የሚበርዱት። ውሃ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ራዲያተሩ ከዚያ በላይ የሚታገሠው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ላስቲክ ካረጀ ሌላው ዝግጅት ሁሉ ከንቱ ነው። ትንሽ ገንዘብ የሚጠይቀውን ይህን ክዳን የሚያስታውስ ሰው ብርቅ ነው።

የሞተር ዘይትን ያለ ጊዜው መለካት

በአየር በሚቀዘቅዘው የፖርሽ 911 ላይ ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው። ዘይቱ በተለየ ጋን ስለሚቀመጥ የሚለካው ሞተሩ በደንብ ግሎ፣ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ነው። ቀዝቅዞ የለካው ሰው መለኪያው ላይ ዘይት ያጣል፤ ደንግጦ ይጨምራል፤ ሲነዳ የተረፈው ዘይት ወደ አየር ማጣሪያው ይገባና ከኋላ ጭስ ይግተለተላል። መመሪያውን አንብቦ መለካት ብቻ ከዚህ ያድናል።

ዘይቱ ከሞተሩ ሥር ለሚጠራቀም መኪና ጭንቀቱ ሌላ ነው። ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ኩሺኔታዎች ይደርቃሉ። ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ የሚይዘው ቮልስዋገን ቢትል ለዚህ በጣም የተጋለጠ ነው። የግፊት መብራቱ ኩርባ ላይ ብልጭ ካለ፣ “አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል” ብለው አይለፉት፤ ይውጡ።

ደረቅ የቤንዚን ቱቦ ይዞ መውጣት

ከኋላ ሞተር ያላቸው መኪኖች ሲቃጠሉ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው አንድ የተሰነጠቀ ቱቦ ነው። ቱቦውን ጎንበስ አድርገው ሲያጥፉት ስንጥቅ ካሳየ አብቅቷል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የድሮውን ላስቲክ ቶሎ ይበላዋል፤ ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ቤንዚን የተሠራ ቱቦ ያስገጥሙ። ኤፍ40 የቤንዚን ጋኑ ራሱ ላስቲክ ነውና በየአሥር ዓመቱ ገደማ ይቀየራል፤ ውድ ነው፣ ግን አማራጭ የለውም። እሳት ማጥፊያ ከኮፋኖ ሥር ሳይሆን እጅ በሚደርስበት ቦታ፣ በብረት ተጠፍሮ ይቀመጥ።

ኩርባ መሀል ላይ እግርን ከነዳጅ መስጫ ማንሳት

የሰው ልጅ ሲፈራ እግሩን ያነሣል፤ ተፈጥሮ ነው። ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠበት መኪና ግን ይህን አይታገሥም። እግር ሲነሣ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ፣ ጅራቱ ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው 911 ቱርቦ ሌላም ጠባይ አለው፦ ነዳጅ ሲረግጡት ጉልበቱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፤ ኩርባ መሀል የረገጡት በኩርባው መውጫ ላይ በድንገት ይደርስብዎታል። ሚውራ ደግሞ የቤንዚን ጋኑ ከፊት ስለሆነ ቤንዚኑ ሲጎድል አፍንጫው እየቀለለ ይሄዳል፤ በመጀመሪያው ዙር የተማመኑበት መሪ በመጨረሻው ዙር ያው አይደለም።

ፍሬንዎን ቀጥታ መንገድ ላይ ጨርሰው፣ በዝግታ ገብተው፣ ነዳጁን በስሱ እንደያዙ ይውጡ። ሌላ ምስጢር የለውም። በመጀመሪያው ዕለት ልምድ ያለው ሰው ከጎንዎ ማስቀመጥ ከየትኛውም አዲስ ዕቃ ይበልጣል።

ቀኑን ውድድር ማድረግ፣ ውሉን አለማንበብ

የአማተር የሜዳ ቀን ሰዓት የሚያዝበትና ዋንጫ የሚሰጥበት አይደለም። ማለፍ የሚቻለው በቀጥታው መንገድ፣ ከፊት ያለው በእጁ ፈቅዶ ሲያሳይ ነው። ቢጫ ባንዲራ ሲታይ ማለፍ የለም፤ ቀይ ሲታይ ቀስ ብሎ መመለስ ነው፤ ሰማያዊ ከኋላ ፈጣን መኪና መጥቷል ማለት ነው። ኢንሹራንሱንም አስቀድመው ያንብቡ። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ በመሆኑ ብቻ ሁሉም የተሸፈነ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ የተለመዱት የተሽከርካሪ ውሎች ግን የፍጥነት ሙከራንና ውድድርን አይሸፍኑም።

እንደጋለ አምጥቶ ማቆም

የመጨረሻውን ዙር በዝግታ ይንዱት፣ ፍሬን በተቻለ መጠን አይንኩ፤ አየር ይግባ። ከቆሙ በኋላ የእጅ ፍሬን አይሳቡ፤ የጋለ ሸራ ከጋለ ብረት ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ማርሽ አስገብተው ከጎማው ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት ያኑሩ። ቱርቦ ያለው አሮጌ መኪና ከሆነ ማርሹን ከማስገባትዎ በፊት ሞተሩን ሳያጥፉ ጥቂት ደቂቃ ያቆዩት፤ ቱርቦውን የሚያቀዘቅዘው የሚዘዋወር ዘይት ብቻ ነውና ድንገት ሲጠፋ ዘይቱ ውስጡ ተቃጥሎ ይጋገራል። ሁሉም ከበረደ በኋላ የጎማ ብሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ፣ የጎማውን ነፋስ ወደ መንገድ ልኩ ይመልሱ፣ ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብለው የሚንጠባጠብ ነገር እንደሌለ ይዩ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚያስገባው አቀበትና የቃሊቲ መጨናነቅ ገና ከፊትዎ ነው።