በኢንተርኔት የሥነ ልቦና ሕክምና፦ የካርድ ቁጥር ከመስጠትዎ በፊት

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ወይም ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማ ከሆነ ይህን ጽሑፍ ይተዉትና በቅርብ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በስክሪን ማዶ ያለ ባለሙያ ደርሶ ሊረዳዎ አይችልም። ለድብርትና ለጭንቀት ግን በቪዲዮ የሚሰጥ ሕክምና ጥሩ ይሠራል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በሕክምናው ሳይሆን በአከፋፈሉ ነው።

መጀመሪያ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ይለዩ። ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ስለሆነ መድኃኒት ያዛል። ሳይኮሎጂስት የሚያክመው በንግግር ነው፤ በአብዛኛው ቦታ መድኃኒት አያዝም። «የሕይወት አሠልጣኝ» ለመባል ግን ብዙ ጊዜ ምንም ፈቃድ አይጠየቅም። ስለዚህ የባለሙያውን ሙሉ ስም፣ የፈቃድ ቁጥርና ፈቃዱን የሰጠውን አካል ይጠይቁ። ከዚያ ቁጥሩን በፈቃድ ሰጪው መዝገብ ላይ ይፈልጉ፤ በራሱ በባለሙያው ገጽ ላይ የተለጠፈ ምስክር ወረቀት ማረጋገጫ አይሆንም።

ፈቃድ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ባለሙያው ባለበት ሳይሆን ታካሚው በተቀመጠበት ቦታ ነው። አገር ሲቀይሩ ሕክምናው በመሃል ሊቋረጥ ይችላል፤ ጉዞ ካለብዎ በጅምላ አስቀድመው አይክፈሉ።

ክፍያው በሦስት መንገድ ይመጣል፦ በየቀጠሮው፣ በጥቅል፣ ወይም በደንበኝነት። ጥንቃቄ የሚሻው ሦስተኛው ነው። ዋጋው በሳምንት ተነግሮ በየ4 ሳምንቱ የሚቆረጥ ከሆነ በዓመት የሚከፍሉት 12 ጊዜ ሳይሆን 13 ጊዜ ነው። መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋትም ደንበኝነቱን አያቋርጠውም፤ በአካውንቱ ውስጥ ገብተው መሰረዝና ማረጋገጫውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሁለት አገልግሎቶችን ሲያወዳድሩ የወሩን ዋጋ በቪዲዮ ወይም በድምፅ በቀጥታ በሚነጋገሩበት ደቂቃ ያካፍሉ። በወር 4 ጊዜ 30 ደቂቃ 120 ደቂቃ ነው፤ 3 ጊዜ 50 ደቂቃ ደግሞ 150። «ያልተገደበ መልእክት» የሚለውን ከስሌቱ ያውጡት፤ መልስ የሚመጣው ባለሙያው ሲመቸው ነው።

በጀቱን ለአንድ ቀጠሮ ሳይሆን ለሙሉ ሕክምና ይያዙ። የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና የሚባለው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 20 ቀጠሮ ይወስዳል። ገንዘብዎ ለ4 ብቻ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይናገሩ፤ ባለሙያው በአንድ ችግር ላይ ሊያተኩር ወይም በየ2 ሳምንቱ ሊያደርገው ይችላል። «እንደ ገቢ የሚቀነስ ክፍያ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በነባር ባለሙያ ክትትል ሥር ያሉ ተለማማጆችም ብዙ ጊዜ ያነሰ ያስከፍላሉ።

የጤና መድን ካለዎ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ለመድን ድርጅቱ ደውለው የኢንተርኔት ሕክምና ይሸፈን እንደሆነ፣ ይህ ባለሙያ በድርጅቱ ዝርዝር ውስጥ እንዳለ፣ ድርጅቱ በዓመት ለስንት ቀጠሮ እንደሚከፍልና መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስዎ ምን ያህል እንደሚወጣ ይጠይቁ። ደረሰኙ ላይ ቀን፣ የቆይታ ጊዜ፣ የባለሙያው ስምና የፈቃድ ቁጥር ይኑር። አብዛኛውን ጊዜ የሕመሙ መለያ ኮድም ይፈለጋል፤ ለምሳሌ ለድብርት ኤፍ32። ኮድ የሌለው ደረሰኝ ተመልሶ ይመጣል። ኮዱ በመድን ድርጅቱ መዝገብ ውስጥ መቅረቱን የማይወዱ ሰዎች ከኪሳቸው መክፈልን ይመርጣሉ፤ ይህም ተገቢ ምርጫ ነው።

ካርዱ እምቢ ካለ ደጋግመው አይሞክሩ፤ ሊታገድ ይችላል። የተለመደው ምክንያት ካርዱ ለውጭ የኦንላይን ክፍያ አለመከፈቱ ወይም የሞሉት አድራሻ ባንኩ ከያዘው ጋር አለመመሳሰሉ ነው። የባንክ ሂሳቡን ከሌላ ሰው ጋር የሚጋሩ ከሆነ በመግለጫው ላይ ምን ስም እንደሚወጣ አስቀድመው ይጠይቁ።

የመሰረዣ ደንቡን በጽሑፍ ይያዙ። ብዙዎች ከ24 ወይም ከ48 ሰዓት በታች ለተሰረዘ ቀጠሮ ሙሉ ዋጋ ያስከፍላሉ፤ መድን ደግሞ ላልተገኙበት ቀጠሮ አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም።

ስለ ምስጢርም ቃል ብቻ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቤተርሄልፕ የተባለውን የኢንተርኔት የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት የደንበኞችን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ ከስሶ 7.8 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። በምዝገባ ወቅት የሚቀርቡ መጠይቆችን ከመሙላትዎ በፊት መረጃው ለማን እንደሚተላለፍ ያንብቡ፣ ለዚሁ ብቻ የተለየ ኢሜይል ይክፈቱ። ከመጠይቆቹ አንዱ ብዙውን ጊዜ ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ ነው፦ ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች፣ ከ0 እስከ 27 ነጥብ። በየጊዜው ሲደገም ለውጡን ያሳያል፤ ብቻውን ግን ምርመራ አይደለም።

በቀጠሮው ቀን የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ፣ በሩን ይዝጉ፣ የካሜራና የማይክ ፈቃዱን ከ10 ደቂቃ በፊት ይሞክሩ። የቆመ መኪና ውስጥ መነጋገር ይቻላል፤ እየነዱ ግን አይሆንም። ኔትወርክ ከደከመ ቪዲዮውን አጥፍተው በድምፅ ይቀጥሉ። መስመሩ ቢቋረጥ ማን ለማን እንደሚደውል አስቀድመው ይስማሙ። ባለሙያው በየጊዜው «አሁን የት ነዎት?» ብሎ ቢጠይቅ አይገረሙ፤ አደጋ ቢፈጠር እርዳታ የሚልክበትን ቦታ ማወቅ ስላለበት ነው።

ከ3 ወይም ከ4 ቀጠሮ በኋላ ካልተግባቡ ይህንኑ ይንገሩትና ሌላ ባለሙያ እንዲጠቁምዎ ይጠይቁ። በጥቅል ከፍለው ከነበረ ደግሞ የቀሩት ቀጠሮዎች ገንዘብ እንዲመለስ ወይም ወደ አዲሱ ባለሙያ እንዲዛወር ጥያቄውን በጽሑፍ ያቅርቡ።